አራት ሸሚዝ ለዋዟ

ቤታችን ውስጥ ሦስት ጡረተኞች አለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ግቢው ውስጥ ከኮባው ሥር የቆመችው ዋዝ። ሁለታችን በየወሩ ገንዘብ እናመጣለን፤ ሦስተኛዋ ትጠጣዋለች።

ነገሩ የተነሣው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ሳሞቅ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ታፈነ። ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ አሳክማት፣ ወይ ቁርጧን ይንገሩንና እናልቅስላት!"

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ኮሎኔሉ ሳሉ። የኮሎኔሉ ሳል የጭስ ሳል አይደለም፤ "ሰምቻለሁ፤ አስተያየትም አለኝ" ማለት ነው።

መካኒኬ ከሰዓት መጣ። ይህ ሰው ሲኒ ገልብጠው እንደሚያነቡት ሴቶች ጭስ ያነባል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቶባታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይቷን እያነደደች ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ሲከፍተው ከውስጥ ጭሱ እንደ ጀበና አፍ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለ። የሐኪም ዝምታና የመካኒክ ዝምታ ሁለቱም ያስከፍላሉ።

"ጋሼ፣ ፋሻው አልቋል፣ ሲሊንደሩም ተበልቷል" አለኝ በመጨረሻ። "ቴስታታው ሳይጣመም አልቀረም። ጓርኒሲዮኑም አላማረኝም። የማርሚታውን ነገር ተዉት።"

የሩሲያ መኪና፣ የጣሊያን በሽታ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ቋንቋውን ሁሉ ይዞ ሄደ፤ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ብቻ ረሳው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ። መኪና ከሞስኮ ይምጣ ከቶኪዮ፣ እኛ አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው በጣሊያንኛ መታመምን ነው። "ሹፌር"ና "ጋራዥ" ግን የፈረንሳይ ናቸው፤ በባቡር ሳይመጡ አይቀሩም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሞተሩን እንቀይረው። የሚኒባስ ሞተር፣ ቱ ኤል፣ ናፍጣ። ግማሹን ነዳጅ ነው የምትጠጣው። ይቺንማ እስከ መቼ ያጠቧታል?"

እስከ መቼ እንደማጠባት እንዳልመልስለት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ የቅየሳ ሰው ነኝ። በ1970ዎቹ ውስጥ መሥሪያ ቤታችን ዋዝ ሲመጣለት ገና ወጣት ነበርኩ። የተሠራችው ኡሊያኖቭስክ ነው። ከተማዋ ድሮ ሲምቢርስክ ትባል ነበር፤ የሌኒን የትውልድ ቦታ ስለሆነች ሲሞት በቤተሰቡ ስም ኡሊያኖቭስክ ተብላ ተጠራች። ስለዚህ መኪናዬ የሌኒን አገር ልጅ ናት ማለት ነው። በግንቦት 1983 አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው የሌኒን ሐውልት ሲወርድ የእሷ ሞተር ገና ወርዶ አያውቅም ነበር።

በዚያን ዘመን በዋዝ ገጠር መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ አንድ መንደር ጫፍ ላይ የዋዝ ድምፅ ከተሰማ ጎረምሳ የሚባል በአካባቢው አይገኝም። እኛ ቲዮዶላይትና ባለ ቀይና ነጭ ዘንግ ይዘን እንወርዳለን፤ የሚጠብቁን ሽማግሌዎችና ውሾች ናቸው። ዘንግ የሚይዝልን ልጅ ለማግኘት ሁለት ሰዓት "ቀያሾች ነን" እያልን እንምላለን። አንዴ አንዲት እናት ልጃቸውን ከጎተራ አውጥተው ሲሰጡን፣ "ጥይት ነው ወይስ ዘንግ?" ብለው አስምለውን ነበር።

አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥታችሁ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን ትሻገሩና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ሲወረድ ፍሬኗ የእግር ጉልበት እንጂ አጋዥ የሚባል ነገር የለውም። ታች ሲደረስ ሙቀቱ ቤንዚኑን መንገድ ላይ ያፈላዋል፤ ፖምፓው በፈሳሽ ፋንታ እንፋሎት ይስባል፤ እሷም ቀጥ ትላለች። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ባልነበረ ቀን ሸሚዜን አውልቄ፣ ከጀሪካኑ ውሃ ነክሬ ፖምፓው ላይ ጠመጠምኩላት። ደጀን የገባሁት በካናቴራ ነው። እዚያ ሻይ የቀዱልኝ ሴትዮ "ልጄ፣ ቀሙህ እንዴ?" ብለው አዘኑልኝ።

እንግዲህ ሸሚዝ የሰጡት ነገር ቶሎ አይጣልም። በ1988 መሥሪያ ቤቱ ለጨረታ ሲያቀርባት ከነጉድፏ ገዛኋት። ጉድፏን እኔው አውቀዋለሁ፤ ግማሹንም ያደረስኩባት እኔ ነኝ።

ጉልበቷ በወረቀት 75 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ሞተር ይተነፍሳል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከአሥር እጅ አንዱን ገደማ ያጣል። 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ስለዚህ ከ75ቱ የሚደርሱት 57 ፈረሶች ናቸው። እንጦጦ አናት ላይ ወደ 50 ይወርዳሉ። የቀሩት መኪናዋ ከመርከብ በወረደችበት በአሰብ ወደብ እንደታሰሩ ናቸው፤ ዛሬ ሄዶ ለማምጣት ደግሞ ፓስፖርት ይጠይቃል።

የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዱ 39 ሊትር። የግራው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ማፍሰስ ስለጀመረ ዘጋሁት። ኮሎኔሉ ይህን በአጋጣሚ የሆነ ነገር አድርገው አያዩትም።

ኮሎኔሉ ቅዳሜውኑ ማታ፣ ሳላቸውን ተከትለው፣ መጡ። ቡና ተፈላ።

"ስማኝማ" አሉኝ፣ "ዋዝ ወታደር ናት። ቆስላም ትሄዳለች። የጃፓን ሞተር ስትከትባት ምን እንደምትሆን ታውቃለህ? ምርኮኛ!"

"ኮሎኔል፣ ባለፈው ሳምንት ቀበና ድልድይ ላይ ቆማ እርስዎ አይደሉ እንዴ ማንቬላውን ያዞሩት?"

"አዞርኩ፤ ተነሣች! የዛሬ መኪና ቢሆን ማን በእጁ ያስነሣዋል?"

እውነታቸውን ነው። ለማንቬላው ክብር ስል መልስ አልሰጠሁም። ያን ዕለት እጃቸውን መትቷቸው ሁለት ቀን በፋሻ አሥረው መዋላቸውን ግን እኔም እሳቸውም አላነሣንም።

ቡናው ላይ አብሮን የነበረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። በጥር 2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የመንደራችን ወጣት ሁሉ ስለ ባትሪ ነው የሚያወራው። "አጎቴ፣ ሞተሩን አውጥተህ ባትሪ ለምን አትከትባትም?" አለኝ። ኮሎኔሉ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በዚያ ማታ ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል አልተነገረም።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሹም ነበረች። ክርክር አትወድም፤ እርሳስ ታነሣለች። በዓመት ስንት ትነዳለህ? 3 ሺህ ኪሎ ሜትር። አሁን በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ትጠጣለች? 20 ሊትር፣ ሲከፋት 22። በናፍጣው ስንት? መካኒኩ 11 ይላል። ሞተሩ፣ የመካኒኩ እጅ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ ራዲያተሩ፣ ሁሉም ተደምሮ በሊትር ነዳጅ ሲመነዘር ወደ 3 ሺህ 800 ሊትር ወጣው። በዓመት የሚተርፈው 270 ሊትር ነው። አካፈለች፤ 14 ዓመት። ዕድሜዬ 68 ነው።

"በሰማንያ ሁለት ዓመትህ ማትረፍ ትጀምራለህ" አለችኝ ወረቀቱን እያቀበለችኝ። "እግዜር ያድርስህ።"

ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከመካኒኬ ጋር ሞተር ልንፈልግ ሶማሌ ተራ ሄድን።

ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና አካል የለም ይባላል፤ አንዳንዴ የራስህንም ታገኘዋለህ። አንድ ወጣት ነጋዴ አንድ ቱ ኤል አሳየን። በናፍጣ ታጥቦ፣ ብር የመሰለ ቀለም ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ ጎማ ላይ ተቀምጧል።

"ፋዘር፣ ይሄ ቀጥታ ከዱባይ ነው። አገር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር አልሄደም።"

መካኒኬ ሞተሩን ዞረው። ጎንበስ አለ። ከጎኑ፣ የአየር ቧንቧው ከተሰካበት ሥር፣ ሁለት ጣቱን ሰዶ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ ለነጋዴው አሳየው። የደረቀ የጫት ገረባ ነው። ሚኒባስ ላይ ሞተሩ የሚቀመጠው ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ ሹፌርና ረዳት ሲቅሙ የሚወድቀው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

"ዱባይ ውስጥ ጫት ክልክል አይደለም እንዴ?" አለው።

ልጁ አልደነገጠም። "እዚያም ያበሻ ሹፌር አለ" አለ።

ገረባውን ይቅር ብንለውም ወረቀቱ አላስቻለንም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ አለ። ቁጥሩ ከተለወጠ ደግሞ የአዲሱ ሞተር ምንጭ በሰነድ መታየት አለበት። ነጋዴው ዲክላራሲዮን አለኝ ብሎ አመጣ፤ ቁጥሩ ግን የሌላ ሞተር ነው። "ሁለት ቁጥር ብቻ ነው እኮ የሚለያየው" አለን። ሁለት ቁጥር! እኔ ሁለት ቁጥር ተሳስቼ ብሆን ኖሮ ስንቱ ገበሬ መሬቱ ወንዝ ውስጥ ይገባበት ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈለግን። በመጨረሻ መካኒኬ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ከኋላው ተመትቶ የተጨማደደ ሚኒባስ ያለው ሰው አገኘ። ሞተሩ ፊት ስለሆነ አልተነካም፤ ሰነዱም ንጹሕ ነው። ቀብድ ከፈልኩ። በዚያው ሳምንት የዋዟም ቴስታታ ተነሣ። በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሯ ወረደ። ኮሎኔሉ በአጥሩ ላይ ሆነው ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ፀሐይ ስለሌለ ለሌላ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አንዳንድ ነገር እዚህ ላይ ከነከነኝ። ዋዝ በ6.7 መጠን አየርና ቤንዚን ጨምቆ የሚሠራ ረጋ ያለ ሞተር ነው ያላት። ናፍጣው ከ20 በላይ ነው የሚጨምቀው፤ ያለ ካንዴላ ብልጭታ በጭመቃው ሙቀት ብቻ ስለሚያነድ ሌላ ምርጫ የለውም። ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው አርባ ዓመት የሞላው ቆርቆሮ ላይ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አይገጥምም፤ በሁለቱ መሐል የሚገባ ወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት መበሳት አለበት። የተረፈው ናፍጣ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቧንቧም ያስፈልጋል። ፍሬኗ እንደሆነ ያው የእግር ጉልበት ነው። "ባለ ቱርቦውስ?" ብዬ መካኒኬን ጠየቅኩት፤ አሰቡ ላይ የቀሩት ፈረሶች ትዝ ብለውኝ። "እሱ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ተዉት" አለኝ። ፈረሶቹ እዚያው ይቆዩ።

ለናፍጣው መሟገት ካለብኝም እሟገታለሁ። ወንዝ ስንሻገር የዋዟ የእሳት ገመድ ውሃ እንዳይነካው ስንት ጊዜ ላስቲክ አልብሻለሁ፤ ናፍጣ ይህ ጣጣ የለበትም። ግን ለጡረተኛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዕድር ስብሰባ ስንት ወንዝ አለ?

ሁለቱንም ሞተሮች ቶርኖ ቤት ወሰድናቸው። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ እኔን የሚያህሉ፣ መነጽራቸው በብረት ብናኝ የጠቆረ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የዋዟን ሲሊንደር ለኩ። ከዚያ የጃፓኑን ለኩ። ቆም አሉና የዋዟን እንደገና ለኩ።

"የትኛው ነው የየቱ?" አሉ።

ሁለቱም በዕድሜ ትንሽ ሰፍተዋል እንጂ ሲሠሩ አንድ ናቸው። የሩሲያው ሞተር የሲሊንደሩ ቀዳዳ 92 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት 92 ሚሊ ሜትር። የጃፓኑ ቱ ኤል 92 በ92። አራት ሲሊንደር፣ አራት ሲሊንደር። በመጻሕፍቱ አንዱ 2 ሺህ 445፣ ሌላው 2 ሺህ 446 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። በሕይወቴ ብዙ ነገር ለክቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መገጣጠም ግን አላየሁም። አንዱ የሶሻሊዝም፣ ሌላው የካፒታሊዝም፤ አንዱ ቤንዚን፣ ሌላው ናፍጣ፤ የልባቸው ክፍል ግን በአንድ ሜትር የተለካ። እኔ ለአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብዬ ነው 3 ሺህ 800 ሊትር የማወጣው?

መካኒኬ ጉዳዩን አልወደደውም። "ጋሼ፣ ስፋት ሌላ፣ ጉልበት ሌላ" አለ።

ሽማግሌው ግን የዋዟን ሞተር በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። "ይሄ አሉሚኒየም ነው። የጃፓኑ ሙሉ ብረት ነው፤ ሲሊንደሩ የራሱ ቆዳ ነው፣ ሲያልቅ መብሳት ነው። የዚህኛው ግን ይወልቃል። ውሃው ከውጭ የሚነካው ቱቦ ነው፤ አሮጌውን ጎትተህ አዲስ ታለብሳለህ። ጣሊያኖቹ ሸሚዝ ነው የሚሉት።"

"ምን አሉኝ?"

"ሸሚዝ። አራት ሸሚዝ ከነፒስተኑና ከነፋሻው አልብሳት፤ ሌላ አትፈልግም።"

ደጀን ላይ ሻይ የቀዱልኝ ሴትዮ ትዝ አሉኝ።

አራቱን ሸሚዞች ያገኘሁት ምናለሽ ተራ፣ አንድ መደብር ጓዳ ውስጥ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በቅባት ተለውሰው፣ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልለው የተቀመጡ ናቸው። ባለ መደብሩ የምን እንደሆኑ አያውቅም፤ በኪሎ ነው የሸጠልኝ። ወረቀቱ ላይ የሩሲያ ጽሑፍ አለ። ኮሎኔሉ በወጣትነታቸው ኦዴሳ ተምረዋል፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ዓይናቸው ቀላ።

"ምን ይላል ኮሎኔል?"

"በደረቅ ቦታ ይቀመጥ" አሉ።

እንግዲህ አራቱ ሸሚዞች ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቷችን አጠገብ ተደርድረዋል። ቱ ኤሉ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሷል፤ የባለቤቴ ቄብ ዶሮ ሙቀቱ ባይኖረውም ወዳው ሁለት እንቁላል ጥላበታለች። የቀብዱ ጊዜ እስከ ወር መጨረሻ ነው። ዋዟ አፏን ከፍታ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም ታካሚ፣ ትጠብቃለች። መካኒኬ በየሁለት ቀኑ ይደውላል፤ "የትኛውን ልጀምር ጋሼ?" ባለቤቴ ሒሳቡን ለሸሚዞቹም ሠርታልኛለች፤ በ71 ዓመቴ ማትረፍ እጀምራለሁ። የሚተርፈው ምን እንደሆነ ስጠይቃት "ጭሱ" አለችኝ።

እስከዚያው በታክሲ ነው የምሄደው። ትናንት ከአራት ኪሎ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አግኝቼ ጋቢና ገባሁ። ከተቀመጥኩበት ሥር ሙቀት መጣ፤ ጥርስ የሚያንቀጫቅጥ የታወቀ ድምፅ።

"ወንድሜ፣ ቱ ኤል ናት?" አልኩት ሹፌሩን።

"ናት ፋዘር። ሦስት ጊዜ ወርዳለች።"

ስድስት ኪሎን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሹፌሩ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለሳት። ጆሮዬን ወደ ወንበሩ አዘነበልኩ። ሰው ሞልቷል፤ እሷ ግን እያጉረመረመች፣ ሳትቸኩል፣ ትወጣለች። ዘይት አይሸትም። መንቀጥቀጡ ግን፣ እኔ እንጃ፣ የዋዟ በሮች ይህን ይችሉታል? በሦስተኛ ብትሞከርስ? አንዴ ሞከራት፤ ደከመች፤ ወደ ሁለተኛ መለሳት። ሁለተኛው ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ የምትንኳኳ ነገር ነበረች፤ ከቴስታታው ትሁን ከታች መለየት አቃተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ፋዘር፣ ሽሮ ሜዳ ብለው አልነበር?" አለ ረዳቱ ከኋላ። "ካለፍነው ቆየን እኮ!"

"ቆይ" አልኩት፣ "እየሰማሁ ነው።"